ሁለቱ ቡናማ መነጽሮች

እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ አውሮፕላን የሚታይ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ቤታችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ጉርድ ሾላ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፎቹ መሀል ነበር። አውሮፕላን በቀን ብዙ ጊዜ በላያችን ያልፋል። ባለፈ ቁጥር ልጆች ሁሉ ወደ ሰማይ ይጠቁማሉ፤ እኔም ድምፁ ወደመጣበት እጠቁማለሁ። እነሱም የሚጠቁሙት ድምፁን ይመስለኝ ነበር። በጣም ዝቅ ብሎ የመጣ እንደሆነ ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ግራጫ ነገር ሽው ሲል አያለሁ። ያንን የአውሮፕላኑ ጭስ አድርጌ ይዤው ነበር።

ክንዴ እስከሚደርስበት ድረስ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቀለም ብቻ ነው። ይህ ቅር ብሎኝ አያውቅም፤ ሌላው ሰው ከዚህ አብልጦ እንደሚያይ የነገረኝ አልነበረም።

ችግሩ የመጣው በሰላምታ ነው። በሰፈራችን ልጅ ትልቅ ሰው ከሩቅ ሲያይ እርምጃውን ቀንሶ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። እኔ ደግሞ ከሩቅ የማየው ሰው ስለሌለ ሁሉንም ቀጥ ብዬ አልፋቸዋለሁ። ኩሩ ነው ተባልኩ። በመጨረሻ አጎታችን አቶ ዓምደሚካኤል ቤት ድረስ መጥተው ለእናቴ ከሰሱኝ። አባታችን ከሞተ ወዲህ በቤታችን ጉዳይ ሁሉ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነበር። ዓይኔን አፍጥጬ እያየኋቸው እንዳለፍኳቸው፣ አባት የሌለው ልጅ ካሁኑ ካልተያዘ ኋላ እንደማይመለስ ነገሯት። እናቴ በዚያን ዕለት እግሬን በአርጩሜ ገረፈችኝ።

ከዚያ በኋላ አንድም ሰው እንዳያመልጠኝ ለሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ እጅ መንሳት ጀመርኩ። አንድ ቀን ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ተሸክማ የምትመጣ ሴት መንገድ ላይ አገኘሁና ጎንበስ ብዬ፣ «እንደምን ዋሉ፣ እትዬ» አልኳት።

ሴትዮዋ እናቴ ነበረች።

ማታ ራት ላይ ይህን እያወራች እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ያልሳቀው ታላቅ ወንድሜ ሀብቶም ብቻ ነው። ሀብቶም ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ የቀበሌያችን የኳስ ቡድን በረኛ። ክንዶቹ ረጃጅም ናቸው፤ ሲራመድ መዳፎቹን ወደፊት ከፍቶ ነው፤ አሁን ኳስ የሚወረወርለት ይመስላል። ጉርሻውን ጨርሶ ለረጅም ጊዜ አየኝ። በማግሥቱ ወደ ኳስ ሜዳው ወሰደኝና አውሮፕላን እስኪመጣ ሣሩ ላይ ተቀመጥን። መጣ፤ በጣም ከፍ ብሎ ነበር።

«እስኪ አሳየኝ፣ ገብሬ» አለኝ። ስሜ ገብረእዝጊ ነው፤ ገብሬ ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር።

ጠቆምኩ። እሱ እጄን ይዞ ቀስ እያለ በሰማዩ ላይ ገፋው፤ ከድምፁ በጣም ወደፊት፣ ምንም ወደማይሰማበት።

«እዚህ ነው ያለው» አለኝ። «ድምፁ ከኋላው ነው የሚመጣው።»

አላመንኩትም። አውሮፕላን ድምፁን ጥሎ የት ይሄዳል?

እናቴ ከሥራ መቅረት ስላልቻለች ሐኪም ቤት የወሰደኝ እሱ ነው። ሐኪሙ ግድግዳ ላይ ያሉትን ፊደሎች እንዳነብ ሲጠይቀኝ የትኛው ግድግዳ እንደሆነ መልሼ ጠየቅሁት። ከዚያ በአንበሳ አውቶቡስ ወደ ፒያሳ፣ ወደ አቶ አብዱልሰላም መነጽር ቤት ሄድን። አቶ አብዱልሰላም ሆዳቸው ትልቅ፣ ጣቶቻቸው ግን እንደ ሴት ቀጫጭን ነበሩ። በዚያ ዘመን ዕቃ ስለማይገባ የልጅ መነጽር ጨርሶ አልነበረም። ሣጥን ከፍተው ያለውን አወጡ፤ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ጫፎቹ ወደ ላይ የሾሉ የሴት። ጥቁሩን ሲያደርጉልኝ መስተዋቱን ተጠግቼ አየሁ። የትምህርት ቤታችንን ዳይሬክተር መስያለሁ። የሴቱን ሀብቶም ራሱ አደረገና ከንፈሩን አሹሎ አሳቀን። ቡናማው ቀረ። እሱም አፍንጫዬ ላይ አልቆም ብሎ እየተንሸራተተ አገጬ ድረስ ይወርዳል። አቶ አብዱልሰላም ጆሮ ላይ የሚውለውን ክንዱን በትንሽ እሳት አሙቀው እንደሚያጥፉት፣ ሳድግ ደግሞ እንደሚዘረጉት ነገሩኝ።

በዚህ ጊዜ ማልቀስ ጀመርኩ።

ምክንያቱ ላጲሶ ነው። በትምህርት ቤታችን መነጽር የሚያደርግ ተማሪ ላጲሶ ብቻ ነበር፤ ስሙን ግን የሚጠራ የለም፤ ጠርሙስ ነበር የሚባለው። ኳስ አያጫውቱትም። ሲያልፍ አንዱ ልጅ ጠርሙስ እንደሚከፍት ሰው በአፉ ጧ ያደርጋል። እኔም አንዳንዴ ጧ ብያለሁ። እንግዲህ ሁለተኛው ጠርሙስ እኔ ልሆን ነው። አላደርግም አልኩ። ብታስሩኝም አላደርግም አልኩ።

ሀብቶም አልተቆጣኝም። ደጁ ላይ እንድጠብቀው ነገረኝ። በመስኮቱ በኩል ሁለት ቀለሞች ሆነው ሲነጋገሩ አየሁ። የአቶ አብዱልሰላም ሳቅ ተሰማ፤ ከዚያ ሣጥኑ እንደገና ተከፈተ። ሀብቶም ሲወጣ ፊቱን አኮስትሮ ነበር።

«የእኔንም ዓይን ተመለከቱት» አለኝ። «ከአንተ ብሷል አሉኝ።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን አልረሳውም፤ ለእሱ አዘንኩ። እጁን ይዤ እስከ አውቶቡሱ ድረስ መራሁት።

ዛሬ ሳስበው፣ በዚያን ዕለት ሀብቶም ፊደል ያለበት ግድግዳ ፊት አልቆመም። ያኔ ግን ይህን የማመሳከር ሐሳብ ከየት ይመጣልኛል?

በሳምንቱ ሄደን ሁለት ቡናማ መነጽሮች ተረከብን። አቶ አብዱልሰላም የእኔን ደጋግመው አስተካከሉ፤ አሙቀው አጠፉት፣ ለኩት፣ እንደገና አጠፉት። የእሱን ግን እንዲሁ በእጁ ሰጡት። የባሰበት እሱ ሆኖ ሳለ ለእኔ ብቻ መጨነቃቸው አላስደሰተኝም።

ከሱቁ ስወጣ መሬቱ ወደ እኔ ተነሣ። ደረጃ የምወጣ ይመስል እግሬን ከፍ እያደረግሁ ስራመድ ሀብቶምም ከጎኔ እግሩን ከፍ እያደረገ ይራመድ ነበር። ሰዉ ቆሞ ያየናል። የቆርቆሮ ጣሪያ መስመር መስመር እንዳለው፣ በመንገድ ማዶ ያለ ሰው ፂም እንዳለው አየሁ። ቤት ስንደርስ ባሕር ዛፉ ቅጠል ነበረው፤ እያንዳንዱ ለየብቻው፣ የሚንቀሳቀስ። እናቴን በር ላይ አየኋትና ደነገጥኩ። ግንባሯ ላይ ሽበሽብ አለ። እኔ የማውቃት፣ ስታቅፈኝ ደረቷ ላይ ተለጥፌ ግንባሯን የማላየው እናቴ ከዚህች ሴት በዕድሜ ታንስ ነበር።

ከቀትር በኋላ አውሮፕላን መጣ። መስኮቶች ነበሩት። ጭራው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ተቀብቷል። ሀብቶም እንዳለውም ድምፁን ከኋላው ጥሎ ይሄድ ነበር።

ትምህርት ቤት ያደረሰኝ ሀብቶም ነው፤ መነጽሩን አድርጎ። የሰፈሩ በረኛ ስለሆነ ልጆቹ ሁሉ ያውቁታል። ጧ ያለ የለም። እንዲያውም አንድ ልጅ መነጽሬን ለማየት ለመነኝ። ግጥሚያ ሲኖር ሀብቶም መነጽሩን አውልቆ ግቡ ሥር ሣር ላይ ያስቀምጠዋል፤ ያለ መነጽር ይጫወታል፤ ኳሷንም ይይዛታል። እኔ ይህን እያየሁ ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ይደርስ ነበር። ወንድሜ ኳሷን የሚይዛት ሳያያት ነው ብዬ ለክፍሌ ልጆች ሁሉ ነገርኩ። በድምፅዋ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ አዎ አልኩ። ከእነሱ መሀል እስካሁን የሚያምን ሳይኖር አይቀርም። ላጲሶም አንድ ቀን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ሀብቶምን ከእኛ ጋር እኩል በኩራት ተመለከተው።

የቀረው አጎታችን ነበሩ።

በሰፈራችን ትልቅ ሰው ፊት ሲቀረብ ባርኔጣ ይወልቃል፤ የፀሐይ መነጽርም ይወልቃል። የዓይን መነጽርስ? ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ልጅ መነጽር ሲያደርግ ታይቶ አያውቅማ። እናቴ ለጥንቃቄ አውልቅ አለችኝ። ስለዚህ አጎታችን በእሑድ ቀን ሊጠይቁን ሲመጡ መነጽሬን አውልቄ በኪሴ ከተትኩና ወደ ሳሎን ገባሁ። ጥቁር ነገር ተመለከትኩ። ተጠግቼ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ጉልበት የለም። እጅ የነሳሁት ወንበር ላይ ለተሰቀለው ካፖርታቸው ነበር። እሳቸው ከወዲያ በኩል ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ተቀምጠዋል፤ አጎታችን በማንም ቤት ባርኔጣቸውን አያወልቁም።

ደንግጬ መነጽሬን አደረግሁ። የባሰውን ያደረግሁት ያኔ ነው።

መጀመሪያ ካፖርታቸውን ሳምኩባቸው፣ ቀጥዬ ዓይን ለዓይን በመስታወት አፈጠጥኩባቸው። አጎታችን ለእኔ አልተናገሩም፤ ለእናቴ ነው የተናገሩት። በድምፃቸው ብቻ ከእንግዲህ በእሳቸው ፊት፣ በማንም አዛውንት ፊት ያ ነገር ፊቴ ላይ እንደማይታይ ገባኝ። እናቴ «እሺ» አለች። እጄን ወደ መነጽሬ ሰደድኩ።

በዚህ ጊዜ ሀብቶም ከጓዳ ወጣ፤ መነጽሩን እንዳደረገ። እናቴ በዓይኗ ለመነችው። እሱ ቀርቦ ጎንበስ ብሎ የአጎታችንን ጉልበት ሳመ፤ ቀና አለና በዚያው ቆመ።

«አንተም?» አሉት።

«እኔም፣ አጎቴ» አላቸው። «ይህን ካወለቅሁ የማከብረው ካፖርትዎን ነው።»

አጎታችን ረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ ካፖርታቸውን አንሥተው ምግብ ሳይቀምሱ ሄዱ። ስድ አሉት፤ ለዘመድ ሁሉ ስድ ነው ብለው ነገሩበት። በበዓል ሲመጡ እኔን ጉልበታቸውን አስመው ለእሱ ፊታቸውን ያዞራሉ። ስለ መነጽሬ ግን ከዚያ ወዲህ የተናገረኝ የለም፤ ቁጣው ሁሉ ወደ ሀብቶም ሄዶ ስላለቀ ለእኔ የተረፈ አልነበረም። ያኔ ይህን እንደ ዕድል ነበር የቆጠርኩት።

አንድ ዓመት እንዲህ ካለፈ በኋላ የብሔራዊ ውትድርና ወሬ ሰፈራችን ገባ። ቀበሌው ከሰፈራችን የሚሄዱትን ወጣቶች ሲመለምል ሀብቶም ተጠራ። ወላጆች እየዞሩ ይማከራሉ። እናቴ ስትጨነቅ ወደ ትግርኛ ትመለሳለች፤ እኔ ደግሞ ትግርኛ የምሰማው ግማሹን ነው። ተኮራርፈው የነበሩት አጎታችን ሳይቀሩ መጡ። ከመጋረጃው በስተጀርባ ሆኜ አዳመጥኩ።

«ከማን ጋር ሊዋጋ ነው የሚሄደው?» አሉ አጎታችን በዝቅተኛ ድምፅ። «ከአክስቱ ልጆች ጋር?»

እነዚያን የአክስት ልጆች አይቻቸው አላውቅም፤ የሚኖሩት ትግራይ ነው። ምን ቢያስቀይሙት ነው ብዬ ገረመኝ።

ከዚያ አጎታችን ያልጠበቅሁትን ተናገሩ። መነጽር ያደረገውን ሐኪሞቹ ይመልሱታል ይባላል አሉ፤ ሀብቶም መነጽሩን አድርጎ እንዲቀርብ ለመኑት። እናቴም «አድርገው፣ ወደይ» አለችው፤ ልጄ ማለቷ ነው። እኔ ደስ አለኝ። አጎታችን በመጨረሻ መነጽር ወደዱ።

ሀብቶም ግን እምቢ አለ። እሱ ከቀረ ቀጥሎ የሚጠራው ገመዳ መሆኑን ነገራቸው። ገመዳ ጎረቤታችንና ጓደኛው ነበር፤ ለእናቱ አንድ ነው። «የእኔ ዓይን ደኅና ሆኖ ሳለ ገመዳን በእኔ ቦታ ልኬ አልቀርም» አለ። ከዚያ የእናቴ ልቅሶ ሌላውን ሁሉ ሸፈነው።

የሰማሁትን እንዲህ ነው የተረጎምኩት፦ ሀብቶምና ገመዳ አንድ መንገድ ለመሄድ ይሻማሉ፤ ሀብቶም ለጓደኛው አይለቅም። «የእኔ ዓይን ደኅና ሆኖ» ያለውን ደግሞ እናቴን ለማጽናናት የተናገረው ውሸት አድርጌ ያዝኩት። የእሱ ዓይን ከእኔ እንደሚብስ የማውቀው እኔ ነኛ።

በሄደበት ጠዋት ስነቃ መነጽሩ መስኮቱ ደፍ ላይ ነበር። ረስቶታል። ሳያይ ሊተኩስ፣ ሳያይ ሊተኮስበት ነው። መነጽሩን ይዤ ሮጥኩ። ጉርድ ሾላ አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ የጭነት መኪናዎች ተደርድረው፣ ወጣቶቹ ተሰልፈው፣ ወላጆች ከገመዱ ወዲህ ታግደዋል። በገመዱ ሥር ሾልኬ አለፍኩ። ሀብቶምን ከሩቅ ለየሁት፤ መነጽሬ ነው ያሳየኝ።

«ረስተኸዋል» አልኩት እያለከለክሁ።

ያን ጊዜ የነበረውን ፊቱን ዛሬም አየዋለሁ። አጠገቡ አንድ መኮንን ቆሞ ነበር።

«ዓይንህ ያምሃል እንዴ?» አለው መኮንኑ።

ሀብቶም እኔን አየኝ፤ ከገመዱ ወዲያ ያለችውን እናቴን አየ፤ ከእሷ አጠገብ ገመዳ ቆሟል። ከዚያ መነጽሩን ከእጄ ወሰደና ለመኮንኑ ሰጠው።

«ራስዎ ይዩበት» አለ።

መኮንኑ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አስጠጋና ሜዳውን ተመለከተ። ወደ ታች ዞሮ እኔን አየ፤ የእኔን ወፍራም መስታወት፣ የሁለቱን ፍሬም ቀለም። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን መነጽሩን በእኔ እጅ መልሶ አስጨበጠኝ።

«ጥሩ መነጽር ነው» አለኝ። «አስቀምጥለት። ሲመለስ ይፈልገዋል።»

መኮንን መነጽራችንን አመሰገነ ብዬ ለእናቴ ነገርኳት።

ሀብቶም በሄደ በሁለተኛው ዓመት ኳስ መታኝና ግራው መስታወቴ ተሰነጠቀ። የእሱን አድርጌ ሞከርኩ። ዛፎቹ ቅጠላቸውን አጡ፤ ዓለም ወደ ቀለም ተመለሰች። ባለቤቱ ሲርቅ ኃይሉ ደክሞ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መነጽሩን መንገዱ በሚታይበት መስኮት ላይ አስቀምጠው ነበር፤ እንዲያይና እንዲበረታ።

ሲቆይ ግን አልበረታም። ሁለቱንም ይዤ ብቻዬን ወደ ፒያሳ ሄድኩ። አቶ አብዱልሰላም አርጅተዋል። የእኔን ካዩ በኋላ የሀብቶምን አነሡና ወደ ብርሃኑ ያዙት።

«ይሄ የመስኮት መስታወት ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔው ነኝ የቆረጥኩለት። ለመነኝ። ትንሹ ብቻውን አይሁንብኝ አለ።»

ሱቁ ውስጥ ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ኳሷን እያያት ነበር የሚይዛት። አጎታችን ስድ ሲሉት ያወልቀው ዘንድ ምንም የሚያግደው ነገር አልነበረም። መኮንኑ ያየበት መስታወት ሜዳውን እንዳለ ነው ያሳየው። ነገሩ አንድ በአንድ ወደ ቦታው ገባ። አቶ አብዱልሰላም በኋላ የእኔን ደኅናውን መስታወትና አዲስ ግራ መስታወት በሀብቶም ፍሬም ላይ ላደርግልህ ወይ አሉኝ፤ የእኔ ፍሬም ተጣሟል። አይሆንም አልኩ፤ ሲመለስ ይፈልገዋል። የእኔኑ በሽቦ አሰሩልኝ።

ደርግ በወደቀ ሰሞን መንገዱ በሚመለሱ ወታደሮች ተሞላ። ከሲታ፣ ባዶ እግር፣ አቧራ የለበሱ፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። እናቴ በየቀኑ ውኃ ይዛ በር ላይ ትቆማለች፤ ለሁሉም ትሰጣለች፤ ሁሉንም ትጠይቃለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ ሩቅ ሩቁን አያለሁ። አንድ ቀን ከመታጠፊያው፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ብዙ ሆነው ብቅ አሉ። ከመሀላቸው አንዱ ሲራመድ መዳፎቹን ወደፊት ከፍቷል፤ ኳስ የሚወረወርለት ይመስላል።

«እማዬ፣ ሀብቶም መጣ።»

«የታለ?» አለች። ዓይኗን አጠበበች። «የታለ?»

እጇን ያዝኩና ቀስ እያልኩ ወደዚያ ገፋሁት።

ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። ገመዳ አቅፎት አልለቅ አለ። አጎታችንም መጡ፤ በዱላ ነበር የሚሄዱት። ሀብቶም ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ጉንጮቹ ጎድጉደዋል፤ ድምፁ ተለውጧል። ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎት ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረ።

«መነጽሬስ፣ ገብሬ?»

ከመስኮቱ ደፍ አንሥቼ ሰጠሁት። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገውና አደረገው። እኔ ማወቄን አያውቅም ነበር። ዛሬም የነገርኩት አይመስለኝም፤ እሱም አልጠየቀኝም።

«ደኅና ያሳይሃል?» አልኩት።

ወደ እኔ ተመለከተ፤ በሽቦ ወደታሰረው መነጽሬ፣ ወደ ቁመቴ።

«ጥርት አድርጎ» አለኝ።

ከዚያ ተነሣና ወደ አጎታችን ሄዶ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔም ተከትዬው ሳምኩ። ቀና ስንል ሁለት ቡናማ መነጽሮች ፊት ለፊታቸው ቆመናል። አጎታችን አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። ሀብቶም መነጽሩን ያደረገው ለእኔ ብሎ መሆኑን እናቴ መቼ ነግራቸው እንደሆነ አላውቅም። እጃቸው ወደ ራሳቸው ሄደ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

እኛ መነጽራችንን አላወለቅንም።